ሦስተኛው ወንበር ላይ ማን ነበር

የብድር ደላላዋ ፊሊፓ ስትደውል፣ ዌላ ናንካሮ ወደቡ ዳር ባለው መጋዘን ወለል ላይ በጀርባው ተጋድሞ ከአንድ የዓሣ ጀልባ ሞተር ሥር የቆሸሸ ዘይት እያፈሰሰ ነበር። ስልኩን በዘይታም ጣቱ ነካ አደረገና ድምፁን ከፍቶ አጠገቡ አስቀመጠው።

«አገኘሁልህ!» አለች ፊሊፓ። «አሥራ አንዱ ባንኮች አይሆንም አሉ፤ አሥራ ሁለተኛው እሺ አለ።»

«አሥራ አንዱም?»

«ምን ታደርገዋለህ ወንድሜ፣ ቤትህ በቅናሽ የተገዛ ነው። ውሉ ላይ ‹ከመግዛቱ በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት በመንደሩ ላልኖረ ወይም ላልሠራ ሰው አይሸጥም› ይላል። ባንኮቹ እዚያ ጋ ሲደርሱ ፊታቸው ይጠቁራል። ነገ መክፈል ቢያቅትህ ቤቱን ለማን ይሽጡት? ለጎረቤቶችህ ብቻ! አንዱማ ሞቅ አድርጎ ሲያጫውተኝ ቆይቶ ይህችን ስነግረው ‹አንዴ ጠብቂኝ› ብሎኝ ሄደ። ይኸው እየጠበቅሁት ነው፤ ሳምንቱ ነው።»

ዌላ ሳቅ አለ። የራሱ ባንክ እንዲህ ላሉ ቤቶች ማበደር ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። የአምስት ዓመቱ ቋሚ ወለድ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ሲያልቅ፣ ብድሩን የሚረከብ ሌላ ባንክ ካልተገኘ ወርሃዊ ክፍያው ከሦስት መቶ ፓውንድ በላይ ይጨምራል። እሱና ሚስቱ ቴገን ያንን እንደማይችሉት ሁለቱም ያውቁታል፤ ጮክ ብሎ የተናገረው ግን የለም።

«ታዲያ ይኸኛው ምን ይፈልጋል?»

«አንዲት ደብዳቤ። ቤቱን ስትገዛ ሦስቱን ዓመት አሟልተህ እንደነበር የመንደራችሁ ምክር ቤት ጸሐፊ ፋይሉን አይታ ታረጋግጥ። በቃ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ለመሆኑ ጸሐፊዋን ታውቃታለህ?»

ዘይቱ ጣሳውን ሞልቶ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። ዌላ ጨርቅ ስቦ ጣለበት።

«ዌላ? አለህ?»

«አውቃታለሁ» አለ።

ማታ ቤት ሲገባ ቴገን ወሬውን በር ላይ ተቀበለችው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሦስት ወረቀት የቀለም ናሙና ከለጠፈች ስድስት ወሯ ነው። ብድሩ ሳይታደስ ብሩሽ አልነካም ብላ፣ ቆርቆሮዎቹን ደረጃው ሥር ደርድራ ትጠብቃለች።

«ኤብሬል አይደለችም እንዴ አሁን ጸሐፊዋ?» አለች። «ታዲያ ምን ፊትህን ታጠቁራለህ? መኪናዋን ስንት ጊዜ በነጻ ሠርተህላታል! ማኅተሙን ግንባርህ ላይ ነው የምትመታልህ።»

«ትመታለች» አለና ዳቦውን ጎረሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የዌላ አባት ሲሞት የወደቡ ቤታቸው ተሸጠ። ገዢዎቹ በዓመት ሦስት ሳምንት ለሚመጡባት በጋ ሲሉ ሰማያዊ ቀለም ቀቡትና ቆለፉት። ዌላ ፕሊመዝ ከተማ ሄዶ መርከብ ጥገና ገባ፤ ሦስት ዓመት ኖረ። መንደሩን ፖርትካረንን የሚያየው በወር አንድ እሑድ ነበር። ከዚያ መንደሩ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ፣ አሥራ ሁለት ቤት ተሠርቶ ለነዋሪው በገበያው ዋጋ ስድሳ በመቶ ይሸጣል ተባለ። በጥድፊያ ማመልከቻ አስገባ። ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ ብሎ ፈረመ። ማስረጃ አልነበረውም።

ማስረጃውን የሠራለት አጎቴ ሄድሊ ነው። የሥጋ ዘመዱ አይደለም፤ በመንደሩ ግን ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው። ሄድሊ የምክር ቤቱም ጸሐፊ፣ የቀይዋ ጊግ መሪም እሱ ነበር። ጊግ ማለት ስድስት ሰው የሚቀዝፋት ረጅም የእንጨት ጀልባ ናት። ረቡዕ ረቡዕ ማታ ትወጣለች፤ ስትመለስ መሪው በየወንበሩ የተቀመጠውን ሰው ስም በደብተር ይጽፋል። ያ ደብተር ከፖስታ ቤቱም ከቤተ ክርስቲያኑም መዝገብ በላይ ይታመናል። የክለቡ ደንብ አንድ ነው፦ ደብተሩ ላይ የተጻፈ አይፋቅም። ስሕተት ከሆነ ከሥሩ እንዲነበብ ተደርጎ በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የሰረዘውም ይፈርማል።

ሄድሊ ግን አልሰረዘም፤ አዲስ ደብተር ገዛ። የሦስቱን ዓመት ረቡዕ ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ ገለበጠ። በሦስተኛው ወንበር ላይ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ «ዌላ ናንካሮ» ብሎ ጻፈ።

«ይህን አሳይተህ ማን ይጠረጥርሃል?» አለው ያን ቀን፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ለአንዲት ረቡዕ ብሎ ከፕሊመዝ ድረስ እየነዳ የሚመጣ ሞኝ የለም። እዚሁ ስለኖርክ ነው የቀዘፍከው። ደግሞ አባትህ ሃያ ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ነው።»

«አጎቴ፣ ወንበሩ ላይ ማን ነበር ግን?»

ሄድሊ ቀለሙ እንዲደርቅ ገጹን እፍ አለበት። «አንዲት ከመሃል አገር የመጣች ልጅ። ጠንካራ ናት። ሌላ ታገኛለች።»

ዌላ ስሟን አልጠየቀም። በኋላ ሁሌ በሐሳቡ የሚመለስበት ይህ ነው። ቢጠይቅ ኖሮ ይነገረው ነበር። ቁልፉን በተቀበለ በሁለተኛው ሳምንት ግን ሳይጠይቅ ሰማው። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አንዲት ሴት ለሌላዋ «ለቤቱ ወረፋ ኤብሬል እኮ ነበረች ቀጥላ ያለችው» ስትል ከጀርባቸው ቆሞ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ወንበር ላይ ቀዝፋ፣ ወረቀት የላትም አሏት። ክረምት ወደቡ ላይ ተከራይታ፣ ፋሲካ ሲደርስ ለእንግዶች ልቀቂ ትባላለች። በጋውን ከልጇ ጋር ገበሬው ማሳ ላይ ተጎታች ቤት ውስጥ። ማን ደረሰኝ ይሰጣታል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዌላ ለኤብሬል ደግ ሆነ። አሮጌ መኪናዋ ሲቆም ይሠራል፤ ዋጋ ስትጠይቀው «የሚጣል ዕቃ ነው የገጠምኩልሽ» ይላል። ማኬሬል የሚባለው ዓሣ ሲወጣ ስድስት ሰባቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ደጇ ላይ ትቶ ይሄዳል። ወደቡ ላይ ያሉት ዓሣ አጥማጆች ነቅተውበት «ዛሬስ ለእመቤትህ ስንት ቆጠርክላት?» እያሉ ያበሽቁታል። ቴገን እንኳ አንዴ «ቆንጆ ናት ግን፣ አይደል?» ብላ በጎን አየችው። እሱ ሳቀ። ይህ ቢሆን ኖሮ ይቀልለው ነበር።

አጎቴ ሄድሊ ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት ሞተ። ዘንድሮ የካቲት ላይ ምክር ቤቱ ኤብሬልን ጸሐፊ አድርጎ ቀጠረ።

ጽሕፈት ቤቱ ከመንደሩ አዳራሽ ጀርባ ያለች ክፍል ናት፤ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ሰባት ሰዓት ትከፈታለች። ዌላ ሐሙስ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ ኤብሬል ግማሽ ፓስቲ፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ጥቅል ዳቦ፣ በአንድ እጇ ይዛ በሌላው የመቃብር ሣር የሚታጨድበትን ፕሮግራም ትጽፋለች።

«ኧረ ተመስገን!» አለች። «ዌላ ናንካሮ ደጄን ረገጠ። ዓሣውን ጥሎ የሚሮጥ ሰው እንኳን ፊቱን አሳየኝ! ቁጭ በል። ሰው ምን እንደሚለን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

«እኔ ደግሞ ምን እንደምላቸው ታውቃለህ? ዞር በሉ፣ እዚህ መንደር ውስጥ ያለ አንድ ጨዋ ሰው እሱ ነው፣ እሱንም አትንኩብኝ እላለሁ።»

ዌላ የፊሊፓን ወረቀት አወጣ። ኤብሬል አነበበችና ፊቷ በራ።

«ይህ ብቻ? ስንት ዓመት ውለታህን በምን እንደምመልስ ሳስብ! አሁኑኑ ነው የምጽፍልህ።» ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሳ በሁለት ጣቷ መታች፤ ማተሚያው ጉርር አለና ወረቀቱን ተፋው። ‹መዝገቡን ተመልክቼ አቶ ዌላ ናንካሮ በግዢው ጊዜ የተጠየቀውን እንዳሟሉ አረጋግጣለሁ› ይላል። ማኅተሙን ከመሳቢያ አወጣች።

«ፋይሉን አታይም?» አለ ዌላ።

«አይቻለሁ ብዬ ጻፍኩ እኮ» ብላ ሳቀች። «አንተን ነው የምጠራጠረው? ከአጎቴ ሄድሊ እጅ የወጣ ወረቀት።»

ማኅተሙ አየር ላይ ነበር። አሁን ምንም ማድረግ አያስፈልገውም ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃዋል። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሦስት ወረቀቶች ታዩት። የአራት ዓመት ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ካልሲዋን ስትታገል ታየችው። እጁን ዘርግቶ የኤብሬልን የእጅ አንጓ ያዘ።

«ፋይሉን እዪው» አለ። «እባክሽ።»

ፊቱን አየችና ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ማኅተሙን አስቀምጣ ተነሣች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ስትፈልግ ጀርባዋን እያየ ጠበቀ። ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ማመልከቻው፣ የሄድሊ ደብዳቤ፣ ከዚያ የደብተሩ ገጾች ቅጂ። ጣቷ በየመስመሩ ወረደ። አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይህ ረቡዕ» አለች ቀስ ብላ፣ «የሁለተኛው ወንበር መቅዘፊያ የተሰበረ ቀን ነው። ስብርባሪው ቅንድቤን ቀደደኝ። ይኸው ጠባሳው። እንዴት ነው ሦስተኛው ላይ አንተ የሆንከው?»

ዌላ ዓይኑን ከጠባሳዋ ላይ አነሣ።

ገጹን ገለጠች፤ ሌላ ገለጠች። «ሁሉም? ሁሉንም?» ድምፅዋ ከፍ አላለም። «እኔ እኮ ለዚሁ ቤት ብዬ ሄድሊ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሌላ ማስረጃ የለኝም፣ ደብተሩን ይስጡኝ አልኩት። ‹የባሕር ውኃ ገብቶበት ሞተ ልጄ፣ አንድ ፊደል አይነበብም› አለኝ። አልቅሼ ስወጣ ሻይ አፈላልኝ። ሻይ!»

«ያንቺ መሆኑን ያን ቀን አላወቅሁም» አለ ዌላ። «የአንድ ሰው መሆኑን ግን አውቅ ነበር።»

«ከዚያስ መቼ አወቅህ?»

«በሁለተኛው ሳምንት።»

ኤብሬል ጣሪያውን አየች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ የምትቆጥር ይመስል ነበር። «መኪናው» አለች። «ዓሣው። የልጄ ብስክሌት ሰንሰለት። ለካ ዕቁብ እየጣልክልኝ ነው! እኔ ሞኟ ሰው አገኘሁ ብዬ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም።»

«እንዳትል! እንዳትለኝ።» ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። «አሁን ምን አድርጊ ነው የምትለኝ? ደብዳቤውን ብፈርም ሌባ አደረግኸኝ። ባልፈርም ቴገንንና ሕፃኗን ከቤት ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አምስት ዓመት ተሸክመኸው ሲከብድህ አምጥተህ እኔ ጭንቅላት ላይ ጣልከው። አይገርምም? ወንበሬንም ወሰድክ፣ ሸክምህንም ሰጠኸኝ።»

ዌላ ይህን አላሰበውም ነበር። ከቤቱ እስከ አዳራሹ ድረስ ሲመጣ ራሱን ደህና ሰው ሊያደርግ የመጣ መስሎት ነበር። አንገቱን ደፋ።

ኤብሬል የታተመውን ደብዳቤ አንሥታ ለሁለት ቀደደችው፤ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወደ እሱ ገፋች። «እኔ አልጽፍም። ራስህ በእጅህ ትጽፋለህ፤ እኔ ደረሰኝ ብዬ ለአውራጃው አስተዳደር እልካለሁ።» ከዚያ ወረቀቱን መልሳ በመዳፏ ያዘችው። «ቴገን ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«በል ተነሥ። መጀመሪያ ሚስትህ ትስማው። እስከ ሰባት ሰዓት አለሁ።»

ዳገቱን በሩጫ ወጣ። ቴገን ጓሮ የመጨረሻዎቹን ድንች ትቆፍራለች፤ ልጅቷ ባልዲው ውስጥ ታጥባለች፣ ከምታጥበው የምትጥለው ይበልጣል። ዌላ ቴገንን ወደ ወጥ ቤቱ ጠራትና ቆሞ ነገራት። ሳያሳምር ተናገረ። ስለ አባቱም ስለ ሄድሊም ለማከል ሲል ራሱን ያዘ።

ቴገን ከእጇ ጭቃውን በድንች መላጫ ቢላ ጀርባ እየፋቀች ሰማችው። ሲጨርስ ቢላውን አስቀመጠች።

«አምስት ዓመት አጠገቤ ተኝተህ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ደግሞ ሴትዮዋን ትወዳታለህ ብዬ ስንት ቀን ሆዴ ሲቃጠል ከረመ። ምነው በወደድካት!»

«ቴገን...»

«ዝም በል። ስንት ሰዓት ነው የምትዘጋው?»

«ሰባት።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። «ታዲያ ምን ይገትርሃል? ዛሬ ይቅር አልልህም፤ ነገም እንጃ። ሂድ ግን፣ እስከ ማክሰኞ ብትቆይ ሐሳብህን ትቀይራለህ። አውቅሃለሁ።» ወደ ሳሎን ገባች። በሩን ሲዘጋ የቀለሙን ናሙናዎች ከግድግዳው አንድ በአንድ ስትልጥ ሰማ።

ጽሕፈት ቤቱ ሲመለስ ኤብሬል ካፖርቷን ለብሳለች፤ ወረቀቱ ግን እዚያው ነው። ተቀምጦ ጻፈ። አጭር ነበር። ሦስቱን ዓመት አልኖርኩም፤ ደብተሩ ላይ ያለው ስም የእኔ ቢሆንም ሰውየው እኔ አይደለሁም፤ የነበረችው ኤብሬል። እዚያ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። የአባቷን ስም አያውቀውም። አምስት ዓመት ዓሣ ሲያመላልስ የሰማው «ኤብሬል» ብቻ ነው።

«ፔንሮዊን» አለች ሳይጠይቃት፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች። «ጻፈው።»

የአውራጃው መልስ ከገና በኋላ መጣ። ሽያጩ ያላግባብ ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ቤቱ በቅናሹ ዋጋ ብቁ ለሆነ ሰው ይሸጥ። እስከዚያ ድረስ የተጨመረውን ክፍያ ቴገን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተራ ገብታ፣ ዌላ የአባቱን ትንሽ ጀልባ ሸጦ ቻሉት። ተራ ጠባቂው አርባ ሦስት ሰው ነበር። ኤብሬል ያኔ ወረቀት አጥታ እንደ አዲስ ስለተመዘገበች ወረፋው ውስጥ ዘጠነኛ ነበረች፤ ቤቱን ያገኙት ከጀልባ ሠሪው ዘንድ የሚሠሩ ባልና ሚስት ሆኑ። ዌላ ይህን ሲሰማ ጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ድረስ ሄዶ፣ ምን እንደሚል ስላላወቀ ተመለሰ። ዌላና ቴገን ስማቸውን አርባ አራተኛ ላይ አስመዝግበው ካምቦርን ከተማ፣ የቴገን እኅት ቤት፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ገቡ። ዌላ ኤብሬል ደጃፍ ላይ ማኬሬል ማስቀመጡን ተወ።

መጋቢት ላይ ጊጓ ከክረምት መጋዘኗ ስትወጣ፣ ክለቡ ሄድሊ የገለበጠው ደብተር ይታረም ብሎ ወሰነ። የጻፈው ሄድሊ ስለሞተ በስሙ የተጻፈለት ያርመው ተባለ። ስለዚህ ዌላ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከካምቦርን እየነዳ መጣ። በመንገድ ላይ ሄድሊ ‹ለአንዲት ረቡዕ ብሎ እየነዳ የሚመጣ ሞኝ የለም› ያለው ትዝ አለውና ብቻውን ፈገግ ሊል ሞክሮ አልቻለም፤ ያ ሞኝ አሁን እሱ ሆነ።

መጋዘኑ ውስጥ የጀልባ ቅባት ይሸታል። ኤብሬል የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣ የመቅዘፊያዋን ቆዳ በሰም ትቀባለች። ሰላምታ አልሰጠችውም፤ ደብተሩን ግን በእግሯ ወደ እሱ ገፋች። ተንበርክኮ ጀመረ። ስሙን በአንድ መስመር ይሰርዛል፣ ከጎኑ ‹ኤብሬል ፔንሮዊን› ብሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ደግሞ ቀጣዩን። እጁ እስኪደነዝዝ ጻፈ። አንዳንዴ ቀና ሲል እያየችው ያገኛታል፤ ወዲያው ወደ ሰሟ ትመለሳለች።

ሰባኛው ወይም ሰባ አንደኛው ላይ ሲደርስ ተነሥታ መጣችና ከትከሻው በላይ አነበበች።

«ቆይ» አለች። «ያንን አትጻፈው።»

«ለምን?»

«የዚያን ዕለት ጉም ነበር። ከዚህ በር አልወጣንም። ሄድሊ ረቡዕ እንዳይጎድልበት ብሎ የሞላው ነው።» ሰም የነካ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች። «እኔም አልነበርኩም።»

ዌላ ስሙን ሰረዘ። ከጎኑ ያለውን ቦታ ባዶ ተወው፣ ፈረመና ወደሚቀጥለው ረቡዕ ወረደ።